የአነስተኛ የጎልፍ ዕቃ ሱቅ የዓመት ሥራ፦ ከኖቬምበር እስከ ኦክቶበር የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞች፣ ወገኖቻችን የምግብ ቤት፣ የግሮሰሪ፣ የታክሲና የመኪና ማቆሚያ ሥራ ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የጎልፍ ዕቃ ሱቅ ግን ገና ጥቂቶች ብቻ የሚያስቡት ንግድ ነው። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በአንድ አነስተኛ ሱቅ የጥገና ጠረጴዛ ላይ ተቀጥሬ ሲሆን፣ በኋላ የግዢውንና የሒሳቡን ሥራ ተረክቤ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ሱቅ ሲዘጋ ሰዎች ምክንያቱን በብርዱ ወራት ደንበኛ መጥፋቱ ላይ ያደርጉታል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ሱቁን የሚጥለው በመጸው በጉጉት የታዘዘ ዕቃ ዕዳው በሜይና በጁን ሲደርስ መክፈያ ገንዘብ መጥፋቱ ነው። ይህ መመሪያ ሜዳው ባዶ በሚሆንበት በኖቬምበር የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ወቅቶች ስም አስቀድሞ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአገራችን «ክረምት» የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ እዚህ የሚኖር ሰው ግን በዚያው ቃል የጃንዋሪን በረዶ ይጠራበታል፤ «በጋ»ም እንዲሁ ተገላብጧል። ዕቃ የሚረከቡበትና ዕዳ የሚከፍሉበት ቀን ሲወሰን ይህ መደናገር ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ ከዚህ በታች ወራቱን በየስማቸው እጠራለሁ፤ «ጸደይ» ስል ከማርች እስከ ሜይ፣ «መጸው» ስል ደግሞ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው፤ እርስዎም ከሠራተኞችዎ ጋር በአማርኛ ሲነጋገሩ እንዲሁ ቢያደርጉ ይሻላል።

1. ኖቬምበር፦ ቆጠራና የገንዘብ ቀን መቁጠሪያ

በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሠራተኛው ከቢሮ ሳይወጣ ስለምትጠልቅ፣ ከሥራ በኋላ ዘጠኝ ጉድጓድ (ግማሽ ዙር) ለመጫወት ወጥቶ በመንገዱ ኳስና ጓንት የሚገዛው ደንበኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ይህን ሳምንት ለቆጠራ ይጠቀሙበት። ሱቁን ለአንድ ቀን ዘግተው ኳሱን በደርዘን፣ ጓንቱን በመጠንና በእጅ፣ ጫማውን በቁጥር፣ ዱላውን በመለያ ቁጥሩ ይመዝግቡ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የገባበትን ወርና ዓመት የሚያሳይ ትንሽ ተለጣፊ ይለጥፉ። ይህች ተለጣፊ በኋላ በሴፕቴምበር ለሚደረገው ቅናሽ መሠረት ትሆናለች፤ ዕድሜውን የማያውቁትን ዕቃ መቼ መጣል እንዳለብዎት ማወቅ አይችሉምና።

ቆጠራው ሲያበቃ አንድ ቀላል ስሌት ይሥሩ። በዓመቱ የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 180,000 ዶላር፣ በአማካይ በመደርደሪያ ላይ የቆየው ክምችት ደግሞ 60,000 ዶላር ከሆነ፣ ክምችትዎ በዓመት 3 ጊዜ ተገላብጧል ማለት ነው፤ አንድ ዕቃ በአማካይ 4 ወር ይቀመጣል። ይህን ስሌት ለኳስ፣ ለዱላ፣ ለልብስና ለጫማ ለየብቻ ቢሠሩት የበለጠ ይነግርዎታል። ኳስ ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ ልብስ ደግሞ በወረቀት ላይ ትርፉ ከፍ ያለ ቢመስልም መጠኑና ቀለሙ ሳይገጥም እየቀረ ገንዘብዎን አስሮ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ 12 ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ወር ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መድን፣ መብራትና የብድር ክፍያ ይጻፉ፤ ከሥሩም በዚያ ወር ይገባል ብለው የሚጠብቁትን ገንዘብ በጥንቃቄ ያስፍሩ። የወር ቋሚ ወጪዎ 9,000 ዶላር ቢሆንና የዕቃው ዋጋ ተቀንሶ የሚተርፍዎት በዲሴምበር 8,000፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በየወሩ 4,000፣ በማርች 8,000 ዶላር ቢሆን፣ በአራቱ ወራት 12,000 ዶላር ከኪስዎ ይወጣል። ይህ ገንዘብ በኖቬምበር ለብቻው ተቀምጦ መገኘት አለበት። ከደንበኛ የሚሰበስቡትን የሽያጭ ታክስም፣ በሜሪላንድ 6 በመቶውን፣ በየሳምንቱ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ያዛውሩ። ይህ ገንዘብ በአደራ ያለ የመንግሥት ገንዘብ እንጂ መንቀሳቀሻ አይደለም፤ የጥበት ወር ሲመጣ ከዚያ «ለጊዜው» መበደር የጀመረ ነጋዴ በኋላ ከቅጣት ጋር ይከፍለዋል።

2. የጸደዩን ዕቃ ማዘዝ

የአምራቾች የሽያጭ ወኪሎች ለጸደይ የሚሆነውን ትዕዛዝ የሚሰበስቡት በመጸውና በብርዱ ወራት መጀመሪያ ነው። ብዙዎቹ ዕቃው በፌብሩዋሪ ገደማ እንዲገባ፣ ክፍያው ግን እስከ ሜይ ወይም ጁን እንዲዘገይ የሚፈቅድ የዱቤ ውል ያቀርባሉ። ለጀማሪ ይህ ስጦታ ይመስለዋል። በእርግጥም በአግባቡ ለሚጠቀምበት ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሆኖም ወኪሉ የሚያሳይዎት ቅናሽ የሚጨምረው የትዕዛዙ መጠን በጨመረ ቁጥር ስለሆነ፣ ውሉ ራሱ ከአቅም በላይ እንዲያዝዙ ይገፋፋል። እኔ የምከተለው መለኪያ ይህ ነው፦ ትዕዛዝዎ 40,000 ዶላር ቢሆንና የክፍያው ቀን እስኪደርስ ግማሹ ብቻ ቢሸጥ፣ የቀሪውን 20,000 ዶላር ከየት እንደሚከፍሉት ዛሬ በሰንጠረዡ ላይ ማሳየት ካልቻሉ ትዕዛዙን ይቀንሱ።

ግዢውን በተረከብኩበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወኪል ለተጨማሪ ቅናሽ ሲል ያቀረበልኝን ተቀብዬ፣ የአንድ ሞዴል 24 ድራይቨሮች፣ ማለትም ኳስን እጅግ ሩቅ ለመምታት የሚያገለግሉ ረጃጅም ዱላዎች፣ አዘዝኩ። እስከ መጸው 13ቱ ተሸጡ። በተከታዩ ጃንዋሪ አምራቹ አዲሱን ሞዴል ሲያወጣ የአሮጌውን ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ የቀሩትን 11 ዱላዎችም በተገዙበት ዋጋና ከዚያም በታች ሸጥናቸው። ያገኘሁት ተጨማሪ ቅናሽ የደረሰብኝን ኪሳራ ሩቡን እንኳ አልሸፈነም። ስለዚህ የምርቶቹን ዑደት ሳያውቁ ምንም አይዘዙ። ቴይለርሜድና ካላዌይ አዳዲስ ድራይቨሮቻቸውን ብዙ ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ያወጣሉ። ታይትሊስት ድራይቨሮቹን ከ2018 እስከ 2024 በየሁለት ዓመቱ፣ በተጋማሽ ቁጥር ዓመታት ሁለተኛ አጋማሽ ያወጣ ሲሆን፣ ፕሮ ቪ ዋን የተባለውን ኳሱን ደግሞ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ጃንዋሪ ላይ ያድሳል። አንድ ሞዴል በዑደቱ መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ወኪሉ ምንም ያህል ቢያግባባዎት ከሁለትና ከሦስት በላይ አይውሰዱ።

ለትንሽ ሱቅ የሚበጀው አሠራር ብዙ የተዘጋጁ ዱላዎችን መደርደር ሳይሆን፣ ራሱና ዘንጉ እየተፈታ የሚቀያየር የመሞከሪያ ስብስብ መያዝ ነው። ደንበኛው በመሞከሪያው ይመታል፤ የሚስማማው ራስ፣ ዘንግና ርዝመት ከተለየ በኋላ በስሙ ይታዘዛል፤ ሲያዝዝም ቀብድ ይከፍላል። እንደ አሠራሬ ለልዩ ትዕዛዝ ቢያንስ ግማሹን ዋጋ ቀብድ እቀበላለሁ፤ ለእሱ ልክ የተሠራን ዱላ ሌላ ሰው ስለማይገዛው። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት፣ ሰው ዛሬውኑ ይዞ መሄድ የሚፈልጋቸው ብቻ ይሁኑ፦ ዌጆች (የአጭር ርቀት ዱላዎች)፣ ፓተሮች (ኳስን ወደ ጉድጓዱ ማንከባለያ ዱላዎች)፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ሙሉ ስብስቦች። በግራ የሚጫወቱ ደንበኞች ጥቂት ስለሆኑ ለእነሱ ክምችት አይያዙ፤ ነገር ግን የግራ መሞከሪያ ራስ ፈጽሞ እንዳያጡ፤ ሌላ ቦታ ተከልክሎ የመጣ የግራ ተጫዋች እርስዎ ጋ ካገኘ ለብዙ ዓመታት አይለይዎትም።

ከአምራች ጋር የሚፈርሙትን ውል ሲያነቡ ለሁለት አንቀጾች ትኩረት ይስጡ። አንደኛው በማስታወቂያ ላይ ሊጻፍ የሚችለውን ዝቅተኛ ዋጋ የሚወስነው ነው። ይህን መተላለፍ የሽያጭ መብትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል፤ በሌላ በኩል ግን ትልልቆቹ ሱቆች አዲስ ሞዴልን ከእርስዎ በታች በሆነ ዋጋ እንዳያስተዋውቁ ስለሚይዛቸው ለትንሽ ሱቅ ጥበቃም ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ መግዛት ያለብዎትን ዝቅተኛ መጠን የሚወስነው ነው። በአራት አምራቾች የተበታተነ ትንሽ ሱቅ የአንዱንም መጠን ሳያሟላ ይቀራል፤ ሁለት ዋና አምራች፣ ከዚያ በተጨማሪ አንድ የኳስና አንድ የጫማ አቅራቢ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃል።

3. ዲሴምበር

ዲሴምበር የስጦታ ወር ስለሆነ ገዢው ብዙ ጊዜ ራሱ ጎልፍ አይጫወትም። «ባለቤቴ ይጫወታል፤ ምን ልግዛለት?» ብላ ለምትመጣ ሴት ድራይቨር መሸጥ ስህተት ነው፤ ዱላ እንደ መነጽር ለአንድ ሰው የሚለካ ነገር ነውና በጃንዋሪ ተመልሶ ይመጣል። ኳስ፣ ፎጣ፣ የብርድ ጓንት ወይም የስጦታ ካርድ ያቅርቡላት። ካርዱ የተሸጠበት ገንዘብ ግን ዕቃው እስኪወሰድ ድረስ ዕዳ መሆኑን አይርሱ፤ በመዝገብዎ ላይ ለየብቻ ይያዙት። ስም የሚታተምባቸው ኳሶች ከፋብሪካ ለመምጣት ቀናት ስለሚወስዱ የመጨረሻውን የትዕዛዝ ቀን ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ በር ላይ ይለጥፉ።

4. ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ፦ የጥገናው ጠረጴዛ

በእነዚህ ሁለት ወራት ሱቁን የሚያኖረው ጠረጴዛው ነው። በጥገና ላይ የሚሸጡት በዋናነት እጅዎንና ጊዜዎን ስለሆነ በመደርደሪያ ላይ የሚታሰር ገንዘብ አነስተኛ ነው፤ ከዚያም በላይ በፌብሩዋሪ ዱላውን ያስጠገነ ሰው በኤፕሪል ኳሱን ከእርስዎ ይገዛል። አንድ ተጫዋች በሕጉ መሠረት በአንድ ዙር እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል፤ ፓተሩን ብንተወው 13 የእጅ መያዣ፣ በሙያው አጠራር ግሪፕ፣ አለው። ግሪፕ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ከ40 ዙር ገደማ በኋላ እንዲቀየር ይመከራል። በብርዱ ወራት ሙሉውን ስብስብ በአንድ ጊዜ ለሚያስቀይር የእጅ ዋጋውን በግማሽ መቀነስ እኔ ካየኋቸው ቅናሾች ሁሉ የተሻለ ውጤት ያለው ነው፤ ደንበኛው ዱላውን ለቀናት ትቶልዎት መሄድ የሚችልበት ብቸኛው ወቅት ይህ ስለሆነ።

የግሪፕ አቀያየር ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ዱላውን በጎማ መያዣ ጠቅልለው በሞርሳ ያጥብቁት፤ ባዶ ዘንግ በሞርሳ ከተጠበቀ ይሰነጠቃል። አሮጌውን ግሪፕ ጫፉ እንደ መንቆር በታጠፈ ምላጭ፣ ከሰውነትዎ ወደ ውጭ እየገፉ ይሰንጥቁት። ዘንጉ ግራፋይት (ከካርቦን ቃጫ የተሠራ) ከሆነ ምላጩ ቀጥ ባለ ከተር ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ምላጩ ቃጫውን ከነካው ዘንጉ ከዚያች ጭረት ይሰበራል። የቀድሞውን ፕላስተር ልጠው ዘንጉን ያጽዱ፤ ከዚያም በሁለቱም ወገን የሚለጥፍ ፕላስተር በርዝመቱ ይለጥፉና ትርፉን ወደ ዘንጉ ቀዳዳ አጥፈው ያስገቡት። አዲሱ ግሪፕ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣትዎ ደፍነው ማሟሟያ ይጨምሩበት፤ ይህ በአገር ቤት አኳራጅ የምንለው የቀለም ማቅጠኛ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ያናውጡት፤ ፈሳሹን በፕላስተሩ ላይ ያፍስሱት፤ ወዲያውኑም ግሪፑን ሳያቋርጡ በአንድ ግፊት እስከ ጫፉ ያስገቡት። ፈሳሹ እስኪተን ያለዎት ጊዜ አጭር ስለሆነ ምልክቱን ከዱላው ፊት ጋር በፍጥነት አስተካክለው ይተዉት። ሥራውን ማታ ጨርሰው ጠዋት ማስረከብ ከሁሉ ይሻላል።

የግሪፕ ውፍረት ብዙ ሱቆች የማይጠይቁት፣ ደንበኛው ግን ወዲያው የሚሰማው ነገር ነው። ደንበኛው ዱላውን ሲጨብጥ የመካከለኛ ጣቶቹ ጫፍ የመዳፉን ሥጋ በስሱ ከነካ ልኩ ነው፤ ጠልቆ ከገባ ግሪፑ ቀጥኗል። በፕላስተሩ ሥር የሚጨመር አንድ ድርብ ውፍረቱን 1/64 ኢንች ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ሌላ ግሪፕ ሳያዝዙ ማስተካከል ይችላሉ። ነገር ግን ወፍራምና ከባድ ግሪፕ የዱላውን ሚዛን ይለውጣል፦ በእጁ በኩል 5 ግራም ሲጨመር ራሱ በሙያው መለኪያ አንድ ነጥብ ያህል የቀለለ ሆኖ ይሰማል፤ በራሱ በኩል ግን ለዚያው ለውጥ 2 ግራም ገደማ ይበቃል። ይህን አስቀድሞ ለደንበኛው መንገር ቅሬታን ያስቀራል።

ማሟሟያው በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ጠረጴዛው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከማሞቂያ ርቆ ይሁን። የራሰ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይጣል። በጃንዋሪ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ማሞቂያ እየነደደ በዚህ ፈሳሽ የሚሠራ ሠራተኛ ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ አየር ማውጫ ማራገቢያ የማይገጥሙ ከሆነ በውኃ ወይም በአየር ግፊት በሚገባ ፕላስተር መሥራትን ይማሩ።

ዘንግ መቀየር ከዚህ ይከብዳል። ከማዘዝዎ በፊት የጫፉን ስፋት ይለኩ፤ ድራይቨር በአብዛኛው 0.335 ኢንች ሲሆን አይረኖች (ቀጭን የብረት ራስ ያላቸው ዱላዎች) ወይ ሾጠጥ ያለው 0.355 ወይ ቀጥ ያለው 0.370 ናቸው፤ ሁለቱ ሲምታቱ ዘንጉ ወይ አይገባም ወይ ይወዛወዛል። ግራፋይት ዘንግ ከራሱ ሲለይ ሙቀቱ በልክ ሆኖ ሳይጠመዘዝ በቀጥታ በሚስብ መሣሪያ መነቀል አለበት፤ በእጅ ያጣመመ ሰው የደንበኛውን ዘንግ ይከፍላል። አዲሱ በኤፖክሲ ሙጫ ከተገጠመ በኋላ 24 ሰዓት ይቆይ። ደንበኛው «ነገ ጠዋት ውድድር አለኝ» ቢልዎትም አይስጡት፤ በደንብ ያልደረቀ ራስ ከዘንጉ ተነቅሎ ሲበር ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛው ሥራ የአይረን ራስ የመጋደል ማዕዘንን፣ ማለትም ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን፣ ማስተካከል ነው። በኳሱ ላይ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ያስምሩና መስመሩን ወደ ዱላው ፊት አዙረው ደንበኛው እንዲመታ ያድርጉ፤ በዱላው ፊት ላይ የሚታተመው መስመር ካጋደለ ማዕዘኑ አይገጥምም። ተቀጥቅጦ የተሠራ ራስ በቀላሉ ይታጠፋል፤ በሻጋታ የተፈሰሰው ግን ጠንካራ ስለሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እኔ ከ2 ዲግሪ አላልፍም፤ ከማጠፌም በፊት ደንበኛውን በጽሑፍ አስፈቅዳለሁ።

ሲሙሌተር፣ ማለትም ቤት ውስጥ ኳስ ወደ ስክሪን እየመቱ የሚጫወቱበት መሣሪያ፣ ስለመግጠም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጣሪያው 3 ሜትር ገደማ ካልሆነ ረጅም ሰው ድራይቨር በነፃነት ማወዛወዝ አይችልም፤ ኪራይ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይለኩ። በሰዓት ማከራየት በጃንዋሪ ጥሩ ገቢ ነው፤ ሆኖም ዱላ ለመለካት የሚያገለግለውን ቦታ በጨዋታ ካጨናነቁት ዋናውን ሥራ ያጣሉ። በጃንዋሪ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ የሚካሄደው ትልቁ የጎልፍ ዕቃ ዐውደ ርዕይም በየዓመቱ የግድ አይደለም፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ከትዕዛዝ ቅጽ ይልቅ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ቢሄዱ ይጠቅማል።

5. ማርችና ኤፕሪል

በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓት ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዚህ አካባቢ የሱቁ ወቅት በእርግጥ የሚከፈተው ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር ይጨርሱ፦ የገባውን የጸደይ ዕቃ ከትዕዛዙ ጋር አንድ በአንድ አመሳክረው የጎደለውን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ እንዲሁም የግማሽ ቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ማሠልጠን። በኤፕሪል መጀመሪያ በጆርጂያ ኦገስታ የሚካሄደው የማስተርስ ውድድር በቴሌቪዥን በሚታይበት ሳምንት ሰው ዱላውን ከጋራዥ ያወጣል፤ በዚያ ቅዳሜ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሽያጭ ያጣል።

የዱላ ልኬትን በቀጠሮ ብቻ ይሥሩ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት ይመድቡ፤ ዋጋም ያስከፍሉ፤ ዱላ ከገዛ ይቀነስለታል። ውጭ ሜዳ ላይ የሚለኩ ከሆነ ብርዱን ያስቡ፦ ቀዝቃዛ አየር የበለጠ ስለሚከብድና ኳሱም ስለሚጠነክር በማርች የተለካ ርቀት በጁላይ ከሚለካው ያጥራል፤ ለደንበኛው «አዲሱ ዱላ አይሄድም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በዚህ ወቅት የሳምንት ሊጎች፣ ማለትም በየሳምንቱ ተሰባስበው የሚጫወቱ ቡድኖች፣ ይጀምራሉ፤ የሱቁ የጀርባ አጥንት እነዚህ ናቸው። በዲሲ ያለው የላንግስተን ሜዳ በ1939 የተከፈተው ጥቁር ተጫዋቾች ከሌሎቹ ሜዳዎች በተገለሉበት ዘመን፣ እንደ ዌክ ሮቢን ያሉ ማኅበራት ጠይቀው ተከራክረው ነው፤ ዌክ ሮቢን በ1937 ጥቁር ሴቶች ያቋቋሙት ክለብ ነው። ቲ ለሚባለው የኳስ ማስቀመጫ የእንጨቱን ዓይነት ሠርቶ በ1899 የባለቤትነት መብት ያወጣለትም ጆርጅ ግራንት የተባለ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነበር። ይህን የማነሣው ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ እኔን የመሰለ ስደተኛ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንግዳ ነኝ ብሎ አንገቱን ሲደፋ ስላየሁ ነው። የሕዝብ ሜዳዎችን ሊጎች አስተባባሪ በአካል ሄደው ይተዋወቁ፤ ለአባሎቻቸው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ መጠነኛ የግሪፕ ቅናሽ ይስጡ።

6. ሜይና ጁን፦ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት

የጁን ሦስተኛ እሑድ የአባቶች ቀን ነው፤ የአሜሪካ ኦፕን የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ዙርም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይውላል። ካሽ ሬጅስተሩ በዓመቱ እንደዚህ ሞልቶ አያውቅም፤ ስህተቱም የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ባለቤት አለው፦ ታክሱ፣ የአቅራቢው ዕዳ፣ ለልዩ ትዕዛዝ የተቀበሉት ቀብድ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት የኖቬምበሩን ሰንጠረዥ አውጥተው የታሰበውንና የሆነውን ያነጻጽሩ። ሽያጩ ከታሰበው በታች ከሆነ ለአቅራቢው ከመክፈያው ቀን 3 ሳምንት በፊት ይደውሉ። ቀድሞ የሚናገር ነጋዴ ብዙ ጊዜ የክፍያ ጊዜ ይጨመርለታል ወይም ያልተከፈተ ዕቃ እንዲመልስ ይፈቀድለታል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደውል ግን በቀጣዩ መጸው ዱቤ ያጣል።

ድርጅቶች ለሚያዘጋጁት የበጎ አድራጎት ውድድር አርማ የታተመበት ኳስና ሽልማት ማቅረብ በእነዚህ ወራት ጥሩ ሥራ ነው፤ ቀብድ ሳይቀበሉና አርማው በጽሑፍ ሳይጸድቅ ግን ትዕዛዙን ወደ ፋብሪካ አይላኩ።

7. ጁላይና ኦገስት

በዚህ አካባቢ ሙቀትና እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ሰው ጠዋት ተጫውቶ ከቀትር በፊት ይጨርሳል፤ ሱቁን በማለዳ መክፈትና ጓንት በብዛት መያዝ ይበጃል። ደንበኞች ዱላቸውን በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዳያከርሙ ይንገሯቸው፤ ሙቀቱ የግሪፑን ፕላስተር፣ አንዳንዴም ሙጫውን ያላላዋል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎልፍ የሚካሄደው በመጸው ስለሆነ የቡድን ምርጫው በኦገስት ነው። የእኛም ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ «ያድግበታል» ብለውም ትልቅ ዱላ ይጠይቃሉ። ትልቅ ኮት ልጅን አይጎዳም፤ ረጅምና ከባድ ዱላ ግን አመታቱን ያበላሸዋል። በቁመቱ ለክተው የሚስማማውን ይስጡት፤ ሲያድግ አሮጌውን መልሰው በተወሰነ ዋጋ እንደሚቀበሉት በጽሑፍ ቃል ይግቡ። ለብዙ ቤተሰብ ጎልፍን የሚያስችለው ይህ ቃል ነው፤ ለሱቁም ያገለገለ የልጆች ዱላ ምንጭ ይሆነዋል።

ያገለገለ ዱላ መግዛት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ የተለየ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን አስቀድመው ከካውንቲዎ ይጠይቁ። የሻጩን መታወቂያና የዱላውን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ፤ የቦርሳው ባለቤት ያልመሰለዎትን ሰው ዱላ አይግዙ። ሐሰተኛ ዱላ የሚታወቀው በተዛባ ፊደል፣ በማይገጥም ክብደት፣ በራሱና በዘንጉ መገናኛ ላይ ባለ ክፍተት ነው፤ ሲጠራጠሩ መለያ ቁጥሩን ይዘው አምራቹን ይጠይቁ።

8. ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፦ ማጽዳት

በሴፕቴምበር ብዙ ሜዳዎች የጉድጓዱን ዙሪያ ሣር አየር እንዲያገኝ ይበሱታል፤ በዚያ ሳምንት ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ኦክቶበር መጨረሻ የዓመቱ ምርጥ አየር ነው። ቅናሹን በዚህ ጊዜ ያድርጉት እንጂ ወደ ዲሴምበር አያስተላልፉት። በኖቬምበር የለጠፉትንና ከዚያ በኋላ የጨመሩትን ተለጣፊ ይመልከቱ፦ ከ6 ወር በላይ የቆየ ልብስና ጫማ በመጀመሪያ 20 በመቶ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ 40 በመቶ ይቀንስ፤ በጃንዋሪ ተተኪ የሚመጣለት ድራይቨር ደግሞ የአምራቹ ውል እንደፈቀደ ወዲያው ይሽጥ። በተገዛበት ዋጋ መሸጥ የሚያም ቢሆንም፣ የተመለሰው ገንዘብ በብርዱ ወራት ኪራይ ይከፍላል፤ በመደርደሪያ ላይ የቆመ ዱላ ግን አይከፍልም።

በኦክቶበር የመጨረሻ ሳምንት፣ የሽያጭ ወኪሉ ከመምጣቱ በፊት፣ በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ይጻፉ፦ የዕቃው ስም፣ ያዘዙት ብዛት፣ በሙሉ ዋጋ የተሸጠው፣ በቅናሽ የተሸጠው። ለሚቀጥለው ጸደይ የሚያዝዙት መጠን የሚነሣው ከሦስተኛው ዓምድ ብቻ ነው። ወኪሉ ካታሎጉን ከመክፈቱ በፊት ይህን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት።